ስለ ጠበቃው ጉንፋንና ስለ ልጅ ልጄ ቁልፍ

ለተከበራችሁ የሥራ ክርክር ውሳኔዎችን የምትመረምሩ ዳኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ ቀጠሯችሁ ይራዘም ዘንድ እመኛለሁ። ቀጥዬም አንድ ታላቅ ዜና በአክብሮት አበሥራለሁ፤ የቤታችን ድመት ትናንት ማለዳ በሰላም ተገላግላለች። ቀኗን ጠብቃ፣ ማራዘሚያ ሳትጠይቅ፣ ጠበቃም ሳታቆም ወልዳለች። ይህን መንገሬ በቤታችን የጊዜ ገደብ የሚያከብር ፍጡር እንዳለ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የልጅ ልጄ የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ የካውያ ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። እጅ እንዳይገባ የሚጋርደው የማሽኑ መከለያ ተሰብሮ ሳለ አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ እዚያ ላይ አላቆምም በማለቷ፣ "አፍሽ ረዝሟል" ተብላ በዕለቱ ተሰናበተች። የግልግል ዳኛው ነገሩን ሰምተው፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ አቤቱታዋ ቢዘገይም በቂ ምክንያት አላት፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ብለው ወሰኑ። ድርጅቱ ጉዳዩ በይርጋ ቀሪ ስለሆነ ውሳኔው ይሻርልኝ ብሎ ወደ እናንተ መጣ። እናንተም መዝገቡን እየመረመራችሁ ነው፤ ምርመራችሁ ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ ገብታችሁበት እስካሁን አልወጣችሁም። በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች እነሆ፦

አንደኛ፤ የዘገየችበት ምክንያት። በዚያ ላውንደሪ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሎከሩ፣ ማለትም ለልብስ ሣጥኑ፣ የራሱን ጓጉንቸር ቁልፍ ይዞ ይመጣል። የተባረረ ሰው ቁልፉ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ እዚያ ስንብት የሚታወቀው በደብዳቤ ሳይሆን በመጋዙ ጩኸት ነው። የእሷ ግን አልተቆረጠም። በላውንደሪው በር ላይ በቆመች ቁጥር አለቃዋ ከደረጃው ላይ ሆኖ፣ "አንቺ ደግሞ! ቁልፍሽ ተንጠልጥሎ የለም እንዴ? ክስ ምናምን ብለሽ ነገር አታበላሺ፤ እንጠራሻለን" ይላት ነበር። እሷም፣ የኔ የዋህ፣ መክፈቻውን አንገቷ ላይ አስራ ጠበቀች። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ባለፈ ማግሥት መጋዙ ጮኸ። የተቆረጠውን ቁልፍ በፌስታል አድርገው ቤት ድረስ ልከውልናል፤ ስለ ጨዋነታቸው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ የድርጅቱ ጠበቃ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በእናንተው ፊት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብለው ተረቱብን። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሳቄን በመሐረብ አፈንኩ። ውሻ መባላችንን ችለናል፤ ደንበኛቸው ጅብ መሆኑን ግን በገዛ አንደበታቸው አምነዋልና ቃላቸው በመዝገብ ይያዝልኝ።

ሦስተኛ፤ ድርጅቱ ራሱ አቤቱታውን ያቀረበላችሁ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ጠበቃው ጉንፋን ይዟቸው ኖሯል። እናንተም ርኅሩኆች ናችሁና በዚያው ጠዋት "በቂ ምክንያት ነው" አላችሁ። ግሩም ርኅራኄ ነው። እኔን ያልገባኝ፣ የአንድ ጠበቃ አፍንጫ ሲታፈን የተከፈተው በራችሁ፣ አንዲት ሠራተኛ ስትታለል ለምን ይዘጋል የሚለው ብቻ ነው። ምናልባት ልጅቷ እያነጠሰች ብትመጣ ይሻላት ነበር።

አራተኛው ላይ ስደርስ ቀልዴ ይጠፋብኛል። ያች አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ባለፈው ሰንበት ቤታችን መጥታ ነበር። መከለያው ዛሬም አልተጠገነም፤ አሁን ማሽኑ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። "እህቴ፣ አንቺ ካልተመለስሽ ማን ይናገርልኛል?" አለቻት የልጅ ልጄን። የክቡራን ዳኞች መዝገብ ሊጠብቅ ይችላል፤ ካውያው ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እናንተ ገጽ በገለጣችሁ ቁጥር ያች ልጅ እጇን ታስገባለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የኋላ ወንበር ላይ፣ መሐረቡን አጥፎ፣ አስነጥሷችሁም ቢሆን "ይማራችሁ" ለማለት በጨዋ ደንብ የሚጠብቃችሁ፣ የተቆረጠው ቁልፍ ባለ አደራ፣

አንድ ጉንፋን ያልያዘው ሽማግሌ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ድመታችን ወንድ ነው። መውለዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጠበቃው "እንጠራሻለን" የሚለውን ቃል የልጅ ልጄ ፈጥራው ነው ስላሏችሁ፣ በኛ ቤት ፈጠራ ምን እንደሚመስል እንድታዩት ብዬ ነው፤ የፈጠረው ሰው ፊርማው ሳይደርቅ ራሱ ይናገራል። ከደረጃው ላይ ሆኖ "እንጠራሻለን" ያለው ሰው ግን እስካሁን አልተናገረም፤ እናንተም እስካሁን አልጠራችሁትም።