ለፊዚክስ ሽማግሌ የላኩት መምህር ጠና ሀንዲሶ

መምህር ጠና ሀንዲሶ ከአባታቸው ከአቶ ሀንዲሶ ላምቤቦና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርፊት አኑሎ በጊምቢቹ አካባቢ ጥር 14 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በልጅነታቸው ያገኙትን ሁሉ ካልመዘንኩ፣ ካልለካሁ ስለሚሉ እናታቸው «ይህ ልጅ ነጋዴ ነው የሚሆነው» ይሉ ነበር። ትንቢታቸው አልሠመረም።

በ1959 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በዶዮገና አስተማሩ። በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታለም ጋር በጋብቻ ተሳስረው ኤሊያስንና ጣቢታን ወለዱ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ግዳጃቸውን ከተወጡ በኋላ በፊዚክስ ዲፕሎማቸውን ይዘው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ።

የመጀመሪያ ትምህርታቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን በየክንዳቸው ይለካሉ፤ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ክርክር ይነሣል። ጩኸቱ ሲበርድ የሜትሩን ዘንግ አንሥተው «ክንድ የየራስ ነው፤ ሜትር ግን የሁላችን ነው» ይሏቸው ነበር። ኃይልን ደግሞ በገመድ ጉተታ ያስተምሩ ነበር። ገመዱ ከመሃል አልነቃነቅ ሲል «ኃይሉ ጠፍቶ አይደለም፤ ተመጣጥኖ ነው» ማለት ይወዱ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ተማሪዎች ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ሲለኩ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው የጵርስቅላ ተገኘ ነጠላ በአልኮል መብራቱ ተያያዘ። መምህር ጠና እሳቱን በኮታቸውና በእጃቸው አፍነው አጠፉት። ልጅቱ ተረፈች፤ የእሳቸው ግራ መዳፍ ግን ተቃጠለ። የቦኖሻ እህል ነጋዴ የሆኑት አባቷ አቶ ተገኘ በማግስቱ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አስወጡ። በፊዚክስ የክፍሉ አንደኛ እሷ ነበረች። እሷ ከቀረች የሌሎቹ ሴቶች አባቶችም እንደሚከተሉ ስላወቁ መምህር ጠና እንቅልፍ አጡ።

ራሳቸው ሄደው ቢለምኑ አልተሰሙም፤ ስለዚህ የአገሩን ደንብ ተከትለው ሽማግሌ ላኩ። የሽማግሌ ነገር ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የሽማግሌዎቹ አንደበት የነበሩት አቶ ወልደ ሰንበት ቆመው «ልጅዎን ለቁም ነገር ፈልገናት መጥተናል» አሉ። አቶ ተገኘም እንደ ደንቡ «ዘመድ ላማክር፤ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

በቀጠሮው ቀን መምህር ጠናም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትለው ሄዱ። አጎቶች ተሰብስበው፣ በግ ታርዶ ጠበቃቸው። «ለመሆኑ ልጁ ማነው? የማን ዘር ነው?» ተብለው ሲጠየቁ አቶ ወልደ ሰንበት ግራ ተጋብተው «ኧረ ልጅ የለም፤ የምንጠይቃት ለላቦራቶሪው ነው» አሉ። አቶ ተገኘ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን «ለባል ቢሆን ዋስ እጠራ ነበር። ለእሳቱስ ዋሷ ማነው?» ብለው ጠየቁ። መምህር ጠና በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን አንሥተው «እኔ ነኝ፤ ደርሳ እስኪያዩዋት ድረስ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። በጉም ተበላ።

ጵርስቅላ በሳምንቱ ክፍሏ ገባች። በላቦራቶሪው በር ላይም ነጠላ ያላሸረጠ፣ ጸጉሩን ያላስያዘ እንዳይገባ፣ ያለ መምህርም እሳት እንዳይለኮስ በትልቁ ተጻፈ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ውጭ መስቀል ግዴታቸው ሆነ፤ ብርድ ነው ብሎ ያጉረመረመ ግን የመምህሩን መዳፍ ሲያይ ጋቢውን አውልቆ ይሰቅል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ማንም አልተቃጠለም፤ የሴት ተማሪዎችም ቁጥር እየበዛ ሄደ።

መምህር ጠና ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ወይዘሮ እታለምን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ዳኘን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ ሐዘኑ ከብዶታል፤ የዘሩት ግን በቅሏል። ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቀው የተመለሱት መምህርት ጵርስቅላ ተገኘ፣ መምህራቸው ከታመሙ ወዲህ ላቦራቶሪውን ተረክበው እያስተማሩበት ነው።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አቶ ተገኘ ከቦኖሻ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ቆሙ። ጠባሳ ያለበትን መዳፋቸውን ይዘው «መምህር፣ ልጄ ደርሳለች፤ በዓይኔ አየሁ። ከእንግዲህ ከዋስነት ወርደዋል» አሏቸው። መምህር ጠናም ፈገግ አሉ።

የሁላችን ዋስ የሆነው ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበል።