ስምንት ፊደል

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005

በራች፤ ግን ዝም አለች። ትንሿ ስክሪን ሰማያዊ መብራቷን አብርታ አንድ ፊደል እንኳ አልጻፈችም። ከቦርዱ የሚመጡትን ገመዶች ሦስቴ ነቅዬ ሦስቴ ሰካሁ። በማስተምርበት ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢጨነቅ "ተረጋጋ" እለዋለሁ። እዚህ ተረጋጊ የሚለኝ የለም።

አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጆሮው ጨርሶ ዘግቷል። እኔ ሥራ ስውል ሰው በር አንኳኩቶ ይመለሳል፤ እሱ ደግሞ "ሰው ረሳኝ" ይላል። ሰው ሲመጣ ስክሪኗ ትንገረው ብዬ ነው ይህ ሁሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጥፋቱ የእኔ ነው። የስክሪኗ ሦስተኛ የገመድ መሰኪያ እግር የፊደሉን ድምቀት ትወስናለች፤ ባዶዋን ትቻታለሁ። ድምቀቱን የሚያስተካክል ተጠምዛዥ ቁልፍ አምቦ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁ። ለአባባ በወረቀት ብጽፍለት ተነሥቶ ሬዲዮኑን አመጣ። "ድምፅ መጨመሪያውን ንቀዪው። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?" አለ። ነቀልኩት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሠራ። ስጠመዝዘው የላቲን ፊደሎች ብቅ አሉ።

እጃጂ ለሚኖሩት ለኦቦ ድንቃ ደወልኩ። ከአባባ ጋር አንድ ቢሮ ያረጁ ናቸው፤ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ሳይጠይቁት አይመለሱም ነበር። "ሦስት ቅዳሜ በር ላይ ቆሜያለሁ" አሉ። አይሰማም እኮ ብላቸው፣ "ያ ሰው ሰኔ ላይ ደህና ይሰማ አልነበር?" ብለው ዘጉት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አባባ ኦሮምኛው አፉ ላይ ነው፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ቁቤ ግን አያነብም። አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል ጀምሮ የአማርኛ ታይፒስት ነበር። ስክሪኗ ደግሞ የኛን ፊደል አታውቅም። በነጥብ በነጥብ ልሥልላት እችላለሁ፤ ከስምንት በላይ ግን አትይዝም። በስምንት ፊደል ለሰው ምን ይነገራል?

"እንግዳ መጥቷል" ስምንቱንም በላ። እኔ ስመጣስ? "ሰው መጣ" አራት። "እኔ ነኝ" አራት። ልክ ስምንት! ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ የሰማኝ የለም።

አባባ ሥዕሌን አይቶ ተቆጣ። "ይቺ ጠ ናት። ጣ ከሆነች ቀኝ እግሯን አስረዝሚያ!"

አስረዘምኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

በማለዳ በር ላይ ሁለት መጥሪያ ገጠምኩ። ላይኛው ለእንግዳ፣ ታችኛው ለእኔ። ስመለስ አባባ "ማንም አልመጣም" አለ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ግን "ከእድር የመጣው ሰውዬ በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ነበር፤ እኔም 'ወራ መና!' ብዬ ተጣራሁ" አሉኝ። መጥሪያውን አላዩትም? ብላቸው፣ "አየሁት። የኤሌክትሪክ ነገር ምን ይታመናል? ቢነዝረኝስ!"

ሞኟ እኔ። በኛ ሰፈር በር በድንጋይ ይመታል፣ "ወራ መና!" ወይም "ቤቶች!" ይባላል። ድንጋዩ ራሱ በሩ ሥር ለዚሁ ተቀምጧል። ኦቦ ድንቃም ቢመጡ መጥሪያ አይጫኑም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ከሚዘምር የልደት ካርድ ውስጥ ቀጭኗን የናስ ክብ አወጣሁ። ስትመታ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ከቆርቆሮው በር ጀርባ ለጠፍኳት፣ ድንጋዩን አንሥቼ መታሁ። "ሰው መጣ"! ከስክሪኗ ጎን የሰካኋት ቀይ አምፖልም ብልጭ አለች። እንግዲህ መጥሪያ የሚጫነው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ለኦቦ ድንቃ ደወልኩ፤ አላነሡም።

ከሰዓት መጥሪያዬን ገና ስነካው አባባ ከፈተ። "አምፖሏ አንዴ በርታ ነበር፤ ሮጬ ወጣሁ" አለ። ማን ነበር? ብዬ በእጄ ጠየቅሁት። "ፍየል። ጎኗን በሩ ላይ ስታክ።" ሳቀ፤ ከዚያ ተመልሶ ስክሪኗ ፊት ተቀመጠ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ዛሬም ክፍል ነበረኝ። ስወጣ አባባ ኮቱን ለብሶ ስክሪኗ ፊት ተቀምጧል። ኦቦ ድንቃ ባይመጡስ? ይህን ሁሉ ሠርቼ ብቻውን መሆኑን በጽሑፍ ያረጋገጥኩለት መሰለኝ።

አሥር ሰዓት ላይ መጥሪያዬን ተጫንኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። በቁልፌ ከፈትኩ።

አባባ ጀርባውን ለስክሪኗ ሰጥቷል። ፊት ለፊቱ ኦቦ ድንቃ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሬ ላይ ይጽፋሉ፤ አባባ እያነበበ በጩኸት ይመልሳል። ኦቦ ድንቃ ቀና ብለው፣ "ያልሽኝን ልይ ብዬ መጣሁ፤ ድንጋዩን ሳላስቀምጥ ከፈተልኝ እኮ!" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ስክሪኗ ከጀርባው "እኔ ነኝ" እንዳለች ናት። ያነበባት የለም።