የሙከራው ጥርስ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ስልክ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ቅሬታ አለኝ። ድሮ ፎቶ ብዥ ይል ነበር፤ ሰውም ተከባብሮ ይኖር ነበር። የዘንድሮ ስልክ ይሉኝታ የለውም። የእህቴ ልጅ ስምረት ሰኞ በጎረቤት ክርስትና ላይ ያነሳችኝን ፎቶ ይዛ መጣች። ከጁስ ቤቷ ባለቤት ከሰርካዲስ ጎን ቆሜ እስቃለሁ። ደስ የሚል ፎቶ... ስምረት በሁለት ጣቷ ለጠጠችው፣ ለጠጠችው። መጀመሪያ ሰርካዲስ ከፎቶው ወጣች፣ ቀጥሎ ጆሮዬ ወጣ፣ በመጨረሻ ጥርሴ ብቻ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጥርስ።»

«ቀለሙን ነው የምልህ።»

«ጫትና ሻሂ ነው። ታሪክ ነው፣ አትንኪው።»

«ታሪክህን ይዘህ ሚስት አታገኝም» ብላኝ ሄደች።

ሚስት? ለማን ተናገርኩ?

ጥር 15፣ ሐሙስ

መስታወት ፊት ቆምኩ። በልዟል፣ አይካድም። የፊተኛው ደግሞ ጫፉ ተሸርፏል። የሽቦ ሥራ ነው። ፍሪጅ ጥገና ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ እየፈታሁ ራሴ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ሽቦ የሚላጠው በፒንሳ መሆኑን ግን እስካሁን አልተማርኩም።

ለራሴ ስለሆነ ልጻፈው። ሰርካዲስን ማግባት እፈልጋለሁ። ባሏ ካረፈ ቆየ፤ የእኔዋንም ነፍሷን ይማር። ከዚራ ሰፈር ያለው ጁስ ቤቷ በየቀኑ እሄዳለሁ። «ፍሪጁን ልየው» እላለሁ። «ምኑን ነው የምታየው፣ ፊልም አለው?» ትላለች። ፍሪጁ ደህና ነው። እሷም ታውቃለች። እቀልዳለሁ፣ ትስቃለች፣ የማንጎ ጁሴን ጠጥቼ እወጣለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ... ዋናው ነገር ጋ ስደርስ ቀልድ ይመጣና ይወስደኛል።

እሷስ ስስቅ ዓይኗን ወደ መጭመቂያው የምትመልሰው በምን ምክንያት ነው? በጥርሴ ይሆን?

ጥር 19፣ ሰኞ

ስምረት ጎትታ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተር ኡባህ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ቬኒር የሚባለውን አሳየችኝ። እንደ ጥፍር የሳሳ፣ ከሲኒ ዘር የሆነ ልባስ። የፊት ጥርስ ላይ ይለጠፋል።

«እንዲይዝ የራስዎን ጥርስ ትንሽ እሞርደዋለሁ» አለች።

«ከዚያ ባልወደውስ?»

«የተሞረደ ጥርስ መልሶ አያድግም፣ ጋሽ ዓለምሰገድ። አንዴ ከገቡበት ዕድሜ ልክ ነው። ልባሱ ሲያረጅ በሌላ ልባስ ይተካል እንጂ ወደ ድሮው መመለስ የለም።»

«ይሄማ ትዳር ነው።»

አልሳቀችም። ወረቀቷን አገላብጣ ትጠይቅ ጀመር።

«ጫት ይቅማሉ?»

«ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት።»

«ጠርሙስ በጥርስ ይከፍታሉ?»

«እንግዳ ሲመጣ ብቻ።»

«ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

«አብሮኝ የሚተኛ የለም፣ ማን ይነግረኛል?»

ስምረት መሬት መሬት አየች። ቆይታ ግን የሽቦውን ነገር አሳበቀችብኝ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሽቦ ከላጡበት ይሰበራል። ጫቱ ከቀጠለ ዙሪያው ይበልዛል። ለእርስዎ እኔ የምመክረው፣ ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ ይታጠብ፣ የተሸረፈው ይሞላ። በቃ።»

ይህን ለመስማት ሻወር ወስጄ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ?

ፊቴን አይታ ነው መሰል ለዘብ አለች። ሳትሞርድ ለሙከራ የሚሆን ልትለጥፍልኝ ትችላለች። ጥቂት ቀን ይዤው ልይ፣ ከዚያ ልወስን። የጥርሴን ልክ ወሰደች።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ከሰዓት ጓደኛዬ አብዱሰመድ ቤት በርጫ። አብዱሰመድ አንድም ጥርስ የለውም። ቅጠሉን በትንሽ የብረት ሙቀጫ ወቅጦ ነው የሚቅመው። የቬኒሩን ነገር ነገርኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሙቀጫውን ወደ እኔ ገፋው።

«ዋሪያ፣ እንግዲህ አንድ ሙቀጫ ለሁለት ነው። እኔ ጥርሱ ስለሌለ፣ አንተ ጥርሱ እንዳይሰበር።»

አሰብኩት። የጎረምሳ ጥርስ ገዝቼ በሽማግሌ ሙቀጫ ልቅም ነው።

«ሳቅ አንተ» አልኩት። «አንድ ቀን ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ።»

«ማን ጋ?»

«የጥርሱ ጉዳይ ይለቅና እነግርሃለሁ።»

ሙቀጫውን መለሰ። «አቦ፣ ሴቶች የሚያዩት ጥርስህን ነው እንዴ?» አለኝ። ጥርስ የሌለው ሰው ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ተለጠፈ። ስምረት አጨበጨበች። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል። ብድር የሚከለክለኝ ዓይነት።

ትእዛዙ ብዙ ነው። ጠንካራ ነገር አይነከስም። ቀለም ያለው መጠጥ አይጠጣም። ጫት እንኳን ሊቃም አይታሰብም። እራት እርጎ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ጁስ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ፈገግታ ተለማመድኩ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ «ፋዘር፣ ደህና ነህ?» አለኝ።

ገባሁ። ሰርካዲስ ማንጎ እየላጠች ነው። ስሟን ልጠራ... «ሰ» የሚለው ፊደል በአዲሱ ጥርስ ያፏጫል። ስሟ ውስጥ ደግሞ ሁለቴ አለ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ። አፌን ዘጋሁ። በጭንቅላቴ ሰላም አልኳት።

ቀልድ ትጠብቃለች። የወትሮዋን ጁስ ሞልታ አመጣችልኝ።

«አልፈልግም» አልኩ፣ ከንፈሬን ሳልከፍት።

«ማንጎ አልፈልግም አልክ?»

«እህ።»

«ፍሪጁንስ አታየውም?»

«ደህና ነው።»

ስለዚያ ፍሪጅ እውነቱን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጁሱን መልሳ ወሰደች። አንዱን ጠረጴዛ ደጋግማ ወለወለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግሞ ተወችው። እኔም ወጣሁ። ጥርሱን አላየችም፤ አላሳየኋትማ። ለእሷ ብዬ አስለጥፌ ከእሷ ደብቄው ተመለስኩ። ብልህ ሰውዬ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የሰው ፍሪዘር እየሠራሁ ነበር። አንድ እጄ መፍቻ ይዟል፣ ሌላው ቴርሞስታቱን። ሽቦው ወደ አፌ ሄደ። እኔ አልላክሁትም፣ ራሱ ነው የሄደው... ቀጭ። ሁለቱ የፊተኞቹ እንደ እንቁላል ቅርፊት እግሬ ሥር ወደቁ። በነጭ ግንብ ላይ ሁለት አሮጌ በር።

የፍሪዘሩ ባለቤት «ዕቃ ጠፋብህ እንዴ?» ይለኛል። አጎንብሼ ቆየሁ።

ጁስ ቤት አልሄድኩም። እንዲህ ሆኜ?

ጥር 26፣ ሰኞ

ዶክተር ኡባህ የቀረውን አነሳችው። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ ትራፊውን አይታ «የስንት ቁጥር ሽቦ ነው?» ብቻ አለች። አሁን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ተወሰነ። ቬኒሩ ይቅር። መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ምቹ ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አይደለሁም። አጠበችው፣ የተሸረፈውን ሞላችው። የራሴ ነው፣ ትንሽ ነጣ። የውሃ ጨው የተፋቀለት ማንቆርቆሪያ ይመስላል።

ከዚራ በኩል አለፍኩ፤ አልገባሁም። ምን ብዬ ልግባ? ያን ቀን ዝም ያልኩት በጥርስ ነው ልበላት? ለምን አሠራህ ካለችኝስ...

ከሰዓት አብዱሰመድ ቤት ሄድኩ። የለም። በበርጫ ሰዓት አብዱሰመድ ከቤት ወጣ ሲባል ይሄ የመጀመሪያው ነው። «ሰው አስጠርቶት ነው» አለች ልጁ ናሲሞ። ማን ብላት አላውቅም አለች።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ጠዋት ፒንሳ ገዛሁ። ሥራ የለም። ሙቀቱ... ከዚራ ልሂድ አልሂድ ስል ዋልኩ።

አሁን አሥር ሰዓት ነው። በር እየተንኳኳ ነው። እኔ ቤት ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም። በመስኮት ጥግ አየሁ። አብዱሰመድ ነው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ። አጠገቡ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ በኮት። በዚህ ሙቀት ኮት የሚለበሰው ለሽምግልና ነው። ከኋላቸው ደግሞ... ሰርካዲስ። ነጠላዋን አጣፍታ። እዚህ ቤት መጥታ አታውቅም።

«ዋሪያ፣ ክፈት» ይላል አብዱሰመድ። «ሰርካዲስ ናት የላከችን። ተቀይሞኛል አለች። ሰው ተነጋግሮ ይታረቃል እንጂ በር ዘግቶ አይቀመጥም።»

ድምፅዋ ይሰማኛል። ለጋሽ ተሰማ ነው የምትነግረው፣ እንድሰማ አድርጋ። «ያን ቀን አንዲት ቀልድ አልወጣውም። ማንጎውን መለሰብኝ። ከዚያ ወዲያ በደጄ እያለፈ አይገባም። ያጠፋሁት ካለ በሽማግሌ ፊት ይንገረኝ፣ እክሳለሁ። እንዲህ ዝም ብሎ ግን... ጁስ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።»

ሽማግሌ የምልከው እኔ ነበርኩ። ጥርስ ሳጠና ተቀደምኩ። ሳልጣላ ልታረቅ ነው።

ጋሽ ተሰማ «ቤት የለም ይሆን?» ይላል። «አለ፣ እየጻፈ ነው» ይላል አብዱሰመድ። ያውቀኛል።

ልነሣ። የመጡት ለዕርቅ ነው። በዕርቅ ብቻ አልሸኛቸውም።