ከጥቅም ውጪ የተባለው መኪናህ

ተሼዬ፣

ከሄድክብኝ ወዲህ ዝናቡ ወጥቶ በጋው ተጋምሷል። ጅግጅጋ እንደተውካት ናት፤ ነፋሷ አሁንም ያጠብኩትን ልብስ አቧራ ያለብሰዋል። ቤታችን ግን እንደተውከው አይደለም። የልጅህ የሰላም የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች።

እኔ ደግሞ በመኪናህ ጉዳይ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ጦርነት ገጥሜ ከረምኩ። ጎርፉ ካንተ ጋር ጠቅልሎ የወሰደውን ሚኒባስ ከአሸዋው ቆፍረው አውጥተው ግቢያችን አቁመውልኝ ነበር። ገማቹ መጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ውሃው ሞተሩም ሽቦውም ውስጥ ገብቷል፣ ከጥቅም ውጪ ነው ብሎ ወሰነ። ካሳውን ከፍለው መኪናውን ሊወስዱት። አሻፈረኝ አልኩ። ይጠገናል እንጂ አይወሰድም ብዬ ቅሬታ አስገባሁ። ይህን አሮጌ ቆርቆሮ ሽጠህ ገላግለኝ ስልህ የኖርኩት ሴትዮ! ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ከቶጎጫሌ ዕቃ ስታመላልስላት የነበረችው ጎረቤታችን ሂቦም፣ አባዮ፣ እህቴ፣ የሚሰጡሽን ተቀብለሽ ልጅሽን አሳድጊበት እያለች ትመክረኝ ነበር። እውነቷን ነው። እኔ እምቢ ያልኩት ግን ለሷ ያልነገርኳት ነገር ስላለ ነው።

መብራቱ ይበራ ነበር፣ ተሼ።

የአሸዋው ወንዝ ሲሞላ እናንተ ሾፌሮች የምታደርጉትን መቼም አልረሳኸውም። በደገሀቡር በኩል ባለው መሻገሪያ መኪኖቹ ተደርድረው ይቆማሉ፤ አንድ የደፈረ ቀድሞ ይገባል፤ ማዶ ሲደርስ ዞሮ የፊት መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። ውሃው ደህና ነው፣ ኑ ማለት ነው። ያንን ሳያይ ማንም አይንቀሳቀስም። የሚደፍረው ደግሞ ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። አንዴ አጠገብህ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየረገምኩህ አሻግረኸኝ፣ መብራቱን እኔ እንዳበራው እጄን ይዘህ ወሰድከው። ከወዲያ የቆሙት ሁሉ በኔ ምልክት ሲመጡ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በመጨረሻው ቀን ግን ከመሃል አላለፍክም። ምልክቱን ሳትሰጥ ቀረህ።

ከቀብርህ በኋላ አንድ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ መኪናው ሁለቴ ብልጭ አለብኝ። የእርጥብ ሽቦ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም ደገመው። እኔ ግቢው ውስጥ ካልቆምኩ አይበራም። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ኋላ ግን፣ ላንተ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ጸጉሬን አበጥሬ መውጣት ጀመርኩ።

ለኢንሹራንሱም ይህንኑ አቀረብኩ፤ መብራቱ ከሠራ መኪናው አልሞተም ብዬ። ሌላ ገማች ላኩ። ኮፈኑን ሲከፍተው ባትሪ የለም። ለካ ከአሸዋው ያወጡት ሰዎች ያኔውኑ ፈተውት ኖሯል። ሰውየው ታዲያ በምን ይበራል ብሎ በአዘኔታ ሲያየኝ፣ መብራቱ ደረቱ ላይ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ኮፈኑን እንኳ ሳይዘጋ ከግቢው ወጣ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ ደውለው ውሳኔው ተሽሯል፣ መኪናው ይጠገንልዎታል አሉኝ።

አሸነፍኩ! ለሂቦ ልነግራት ሮጥኩ። ስመለስ ሰላም መኪናው ውስጥ ናት። ያንን በጭቃና በዝገት የተጣበቀ በር፣ እኔን ያቃተኝን፣ እንዴት እንደከፈተችው እግዜር ይወቅ። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ እኔ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ግቢው ደረቅ ነበር፤ እግሯ ግን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል። አባዬ ውሃው ደህና ነው ኑ እያለ ነው፣ አንቺ ነሽ የዘገየሽው አለችኝ።

ጎትቼ አወጣኋት። እኔን ብቻ የምትጠራ መስሎኝ ነበር፣ ተሼ። እኔማ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልመጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እሷን አንጠልጥዬ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩና ቅሬታዬን አንስቻለሁ፣ የመጀመሪያው ውሳኔ ይጽና፣ መኪናውን ዛሬውኑ ውሰዱልኝ አልኳቸው። አብዳለች ሳይሉኝ አልቀሩም። በጭነት መኪና ጭነው ሲወስዱት ሰላም አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እጇን አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ።

ናፍቀኸኛል። ግቢው ባዶ ሆኖ ጸጉሬን የማበጥርለት አጣሁ። ስምህ ግን ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ ሰላም የምን ዓይነት ደፋር ሰው ልጅ እንደሆነች እየነገርኳት አሳድጋታለሁ። እኔም ቀኔ ሲደርስ ማንም ሳይጠራኝ መንገዱን አገኘዋለሁ። ልጃችንን ግን ተዋት፣ የኔ ጌታ። እሷን አትጥራብኝ።