ሞተር ሳይበርድ የማያጥቡት የአቶ ሸጋው ገብረ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሸጋው ገብረ ኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ኪዳን ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዬ አድማሱ በ1964 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት በዳባት ከተማ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ስጦታ ነኝ። የእድሩ ሰብሳቢ «አንድ ገጽ ይበቃል፤ መልካም መልካሙን ብቻ ጻፊ» ብለውኛል። መልካም መልካሙን ብቻ ብጽፍ ግን እዚህ የቆማችሁት ሁሉ ሌላ ሰው ልትቀብሩ የመጣችሁ ይመስላችኋል።

አባታችን በልጅነታችን ስላረፉ እናታችን ጠላ ጠምቀው አሳደጉን። ጋን በማጠብ አገር የመሰከረላቸው ሴት ነበሩ፤ በግራዋ ይፈትጉታል፣ በአመድ ውሃ ያለቀልቁታል፣ ከዚያ በወይራ ያጥኑታል። ከልጆቻቸው ሁሉ ይህን ሙያ አጥርተው የያዙት አቶ ሸጋው ናቸው። በኋላ ጉድ ያፈላው ይኸው ሙያ ስለሆነ አድማጭ በልቡ ያኑርልኝ።

ትምህርታቸውን በዳባት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቆሙት ጭንቅላት አጥተው አይደለም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ «እርግጠኛ ነህ?» እያሉ ስለሚጠይቁ ትምህርት ቤቱም እሳቸውም ተሰለቻቹ። በ1981 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መጥተው ከመናኸሪያው በታች መኪና ማጠብ ጀመሩ። የሊማሊሞን አቧራ ለብሶ የወጣ መኪና በእሳቸው እጅ ካለፈ ባለቤቱ ራሱ አይለየውም ነበር። «ከአዲ አርቃይ እስከ ዳባት እንደ እኔ የሚያጥብ የለም» ማለት ያዘወትሩ ነበር። ትሕትና በቤታችን ስትታደል እሳቸው ገበያ ወርደው ነበር መሰለኝ።

በጥር ወር 1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቻየሁ ኪዳነ ማርያም ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የባንቻየሁ አባት አቶ ኪዳነ ማርያም ከደባርቅ አዲ አርቃይ የምትመላለስ ሚኒባስ ነበረቻቸው፤ ራሳቸው ይነዷታል። ከልጆቻቸው ቀጥሎ ይወዷት ነበር። «ቀጥሎ» ያልኩት ቦታው ቀብር ስለሆነ ነው።

የሠርጉ ዋዜማ ዕለት ሙሽራው አማታቸውን ለማስደሰት ብለው «የእርስዎን ሞተር ነገ ሁለተኛ ሙሽራ አደርጋታለሁ» አሉ። ሚኒባሷ ገና ሊማሊሞን ወጥታ መግባቷ ነበር፤ ሞተሯ ይፋጃል። አቶ ሸጋው ሞተሯን እንደ እናታችን ጋን ቆጠሯት። በግራዋ ፈተጓት፤ የአመድ ውሃ አፈሰሱባት፤ «ይጠንክር» ብለው ደግሞ ሳሙና የሚሠራበትን ኮስቲክ ሶዳ ጨመሩበት። የሞተሯ ክዳንና የውሃ መተላለፊያዋ አልሙኒየም ናቸው። አልሙኒየሙ አረፋ ደፈቀ፣ ተንጫጫ። አቶ ሸጋው «ቆሻሻው እየጮኸ ወጣ!» ብለው እልል አሰኙን፤ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ያ ነጭ የነበረው ክዳን እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቆረ። እሳቸው ግን ሥርዓቱ እንዳይጓደል ወይራ አጨሱበት።

በማግስቱ ሙሽሮቹን ይዛ ወደ ዳባት ስትጓዝ ሚኒባሷ መሐል መንገድ ላይ፣ ወቅን ከተማ ሳትደርስ ቆመች። ኮስቲኩ የውሃ መተላለፊያዋን አፍ በልቶት ኖሮ ውሃዋ መንገድ ላይ አለቀ። ሙሽራዪቱ ዳባት የገባችው ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። አጃቢውም እዚያው ጆንያው ላይ ሲዘፍን ድምፁ እስከ ከተማው ተሰማ። አቶ ኪዳነ ማርያም ግን ከመኪናቸው ጎን ቀሩ። የተበላውን አልሙኒየም በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ይህ እንደ ቀድሞው ካልሆነ በቀር ከዚህ ሰውዬ ጋር ቃል አልለዋወጥም» ብለው በሰው ፊት ማሉ። የተበላ አልሙኒየም ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ወንድሜ በዚህ ዓለም ብዙ ነገር አልተመኙም። አባት ሳይጠግቡ ያደጉ ሰው ናቸውና ከእኚህ ሽማግሌ አፍ አንዲት «ልጄ» የምትል ቃል መስማት ይሹ ነበር። ይህን ለእኔ ብቻ ነግረውኛል፤ ዛሬ ለሁላችሁም ነገርኩ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሽማግሌ ይዘው ለእርቅ ሄዱ። በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጅ ይወድቃል። አቶ ሸጋው ከሰው በልጠው ለመታየት በድንጋዩ ፋንታ ከሚኒባሷ የተፈታውን የጠቆረ የሞተር ክዳን ተሸክመው ወደቁ። አቶ ኪዳነ ማርያም ለሽማግሌዎቹ፣ «ክዳኑ የእኔ ንብረት ስለሆነ ይቀመጥ፤ ሰውዬው ይሂድ» አሉ። ክዳኑ ገልበጥ ተደርጎ የዶሮዎች ውሃ መጠጫ ሆነ። ወንድሜም በየበዓሉ ከደጅ ቆመው ዶሮዎቹ ከኃጢአታቸው ላይ ሲጠጡ ያዩ ነበር።

አቶ ሸጋው ያን ጊዜ ነው ሥራቸውን እንደገና የተማሩት። ወዳጃቸው የመለዋወጫ ነጋዴው ጋሽ ባሽር፣ «ሸጋው፣ ብረት ገበሬ ነው፤ ፀሐዩንም ዝናቡንም ይችላል። አልሙኒየም ግን ሙሽራ ናት፤ በአመድ አትታሽም» አሏቸው። እሳቸው የሰው ቃል የሚያምኑ አይደሉምና የሌላ ሞተር የተሰበረ ክዳን ቆራርጠው አንዱን በአመድ ውሃ፣ አንዱን በበረኪና፣ አንዱን በባትሪ አሲድ፣ አንዱን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፈዘፉ። ጣሳዎቹ የተደረደሩት ባንቻየሁ የምጥን ሽሮ በምታስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ ስለነበር ቤቱ ሊፈርስ ጥቂት ቀረው። እንደገባ የወጣው የሳሙናው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሕግ በደባርቅ ሹፌር ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሆነ። ባትሪው ይፈታል። ዲናሞውና የአየር ማስገቢያው በፌስታል ይሸፈናል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ይቀጥናል፤ አልሙኒየሙ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል እንጂ በሽቦ አይፋቅም። ሳሙናው ሳይደርቅ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ግን ወደዚያ ይራቅ። በመጨረሻ በጨርቅ ይደርቃል። ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ መብረድ አለበት። መብረዱ የሚታወቀው መዳፍን ሞተሩ ላይ ጭኖ አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ አሜን በመድገም ነው። እጅህን ሳታነሳ ከጨረስክ በርዷል፤ መሐል ላይ ካነሳህ ጠብቅ። ጋሽ ባሽር «እኔስ?» ቢሏቸው ፋቲሃን ፈቀዱላቸው፤ አጭር ናት ብለው ግን ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። የጋሽ ባሽር ባለቤት ወይዘሮ አሲያ፣ ባላቸው እንደዚያ ዘመን ጸልየው አያውቁም ይላሉ።

አቶ ኪዳነ ማርያም ሞተሯን ካስቀየሩ በኋላ ሚኒባሷን የሚያሳጥቡት ከሌላ ከማንም ዘንድ አልነበረም። አልነጋገርም አሉ እንጂ አላሳጥብም አላሉም። እማጠቢያው ቦታ በርጩማ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና «ባንቻየሁ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ በግራ በኩል ዘይት አለ» ይላሉ። ባልየው እዚያው አጠገባቸው ናቸው። «ባንቺ፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ አይቼዋለሁ» ይመልሳሉ። ባንቻየሁ በመሐል ቆማ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ሶልያናንና ፍቅረ ሥላሴን። ልጆቹ አያታቸውና አባታቸው አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማይሰሙ ይመስላቸው ነበር።

አቶ ሸጋው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጎንደር ሲታከሙ ቆይተው በዚህ ዓመት ሚያዝያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤት ይሻላቸዋል ብለው ነበር። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ አቶ ኪዳነ ማርያም በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። የዚያን ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ባንቻየሁ እንደ ልማዷ ልታስተላልፍ መሐል ገብታ ቆመች። አባቷ በከዘራቸው ገለል አደረጓት። አልጋው ጫፍ ተቀመጡና የወንድሜን እጅ አንስተው ከራሳቸው ደረት ላይ ጫኑት። «እስቲ እንደ ልማድህ ሞክረኝ» አሉ።

ወንድሜ በዚያ በደከመ ድምፅ አባታችን ሆይ ማለት ጀመሩ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው አቋረጧቸው። «እዚያች ላይ ነው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆሜ የቀረሁት፤ ልጄ» አሉ።

አቶ ሸጋው አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን። ነገር ግን እጃቸውን አላነሱም፤ ጸሎቱን እስከ አሜን አደረሱና፣ «በርደዋል አባቴ፤ እርስዎን የመሰለ የሚቆይ ሞተር ግን አላየሁም» አሉ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አቶ ሸጋው ገብረ ኪዳን በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ ይህችን ምላሰኛ እህታቸውን፣ ወዳጃቸውን ጋሽ ባሽርን፣ እንዲሁም አባታቸውን አቶ ኪዳነ ማርያምን ትተው አልፈዋል። አማታቸው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው አሰርዘውኛል።

ቀብሩ ከተባለው ሰዓት ቢዘገይ አትቀየሙን። አስከሬኑን የምታደርሰው ያቺው ሚኒባስ ናት። አቶ ኪዳነ ማርያም «ሳትታጠብ ልጄን አትጭንም» ብለው፣ ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት በምልክበት ሰዓት እሳቸው ግቢ ውስጥ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው ቆመዋል። አባታችን ሆይን ይጀምራሉ፤ «ይቅር እንደምንል» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሞተሩ ከበረደ ቆይቷል።

የፈጠራቸው አምላክ የወንድማችንን ነፍስ እሳቸው አልሙኒየም በሚይዙበት እጅ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይፍቅ አጥርቶ ይቀበልልን። አሜን።