በእኔ ሾክ አብዞርበር ስለተስተካከለው መንገዳችን

ለተከበሩ የመንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በተቀመጡበት ወንበር ላይ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በተለይም የወገብዎንና የአንገትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ መስታወት ቆርጬ ለየቤቱ መስኮት የምገጥም ሴት ነኝ፤ ስሜን በሰባት ማመልከቻዎች ላይ ስላዩት እንደገና ጽፌ አላደክምዎትም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በክፋት አይደለም። ሰባቱን በታሸገ ፖስታ ልኬ መልስ ያገኘሁት ለአንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ያስቸገረዎት ፖስታውን መክፈት ይሆናል ብዬ አስቤልዎት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማያነብም በመስኮት ስለተነገረኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሱቄ ተነስቶ ዋናው አስፋልት ድረስ የሚዘልቀው መንገድ ዘጠኝ መቶ እርምጃ ነው፤ ይህም እርምጃ የሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ያልገባው ብቻ ተቆጥሮ ነው። እንዲጠገን ሰባት ጊዜ አመለከትኩ። ለአራተኛው «ማመልከቻዎ በጉዞ ላይ ነው» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። በየትኛው መንገድ እየተጓዘ እንደሆነ ስለገባኝ በመዘግየቱ አልተቀየምኩም።

ሁለተኛ፣ እርስዎ ባይዘገዩ ኖሮ የመኪናን መንገጫገጭ ስለሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ምንም ሳላውቅ እሞት ነበርና ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። መስታወት የምጭንባት ፒክአፔ ከፋብሪካ ይዛቸው የመጣችው አራቱ ሾኮች መልስዎን ስንጠብቅ ዘይታቸውን አንጠፍጥፈው ጨረሱ። የመኪና በሽታ በድምፅ ስለሚለይ «ጆሮ» የምንለው የሰፈራችን መካኒክ አፍንጫዋን በሁለት እጁ ተጭኖ ሲለቃት፣ አለቃ እንደመጣበት ሠራተኛ ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ ቆየች።

የምጭነው መስታወት ብቻ ቢሆን ኖሮ ችዬው እኖር ነበር፤ ነገር ግን ከጎኔ የሚቀመጠው አባቴ ነው። አባቴ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ወገቡ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ለእንቅስቃሴ ሕክምና ክሊኒክ አደርሰዋለሁ። በየጉድጓዱ የበሩን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አንድም ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም። እኔም መንገዱን ትቼ የእሱን እጅ እያየሁ እነዳ ነበር።

መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ በረሃ አቋርጥ እንደሆነ፣ ገደል እወጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥራ ነው የምሄደው ብዬ ስመልስለት ከልቡ አዘነልኝ። ከዚያም ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ የዘይት ሾክ፣ ለከባድ ጭነት የተሠራ ቀይ ቀለም የተቀባ ደረቅ ሾክ፣ እንዲሁም በጋዝ የተሞላና ጥንካሬው በቁልፍ የሚስተካከል ሌላ ሾክ ደረደረልኝ። ዓይኔ ቀዩ ላይ ቀረ። አባቴ ግን ሾክ የሚመረጠው በቀለም ሳይሆን መኪናዋ በየቀኑ በምትሸከመው ነው ብሎ ሳይሞከር እንደማይገዛ ወሰነ። ጆሮም ከደንበኞቹ መኪና እየተዋሰ ሲገጥምና ሲፈታ ሰነበተ፤ ደንበኞቹ ይህን እስካሁን እንደማያውቁ በአክብሮት አሳስባለሁ። በቀዩ ባዶዋን ስንሄድ የአባቴ ባርኔጣ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ዋለ። በለስላሳው መስታወት ጭነን ስንሄድ መኪናዋ እንደ ጀልባ ዋኘች፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥርም መሬት ልትስም ተደፋች። የመረጥነውን ባለ ጋዝ ሾክ ጆሮ የኋላውን ለመስታወቴ፣ የፊቱን ለአባቴ ወገብ ብሎ አስተካክሎ ገጠመልኝ። በመጀመሪያው ጠዋት አባቴ ከሦስተኛው ጉድጓድ በኋላ የበሩን እጀታ ለቀቀ። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ልቀሰቅሰው አልሆነልኝም፤ ሞተሩን አጥፍቼ እስኪነቃ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛ፣ በመጨረሻ በአካል ስለመጡልን አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤቱ መኪና ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በመሰበሯ ከነዋሪ መኪና ሲፈለግ፣ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አዲሱን ሾኬን ለሰው ላሳይ ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴን አልክድም። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው የመንገድ መመርመሪያ መሣሪያዎን፣ ማለትም እስከ አፉ የተሞላ የውሃ ብርጭቆዎን በሁለት ጣትዎ ያዙ፤ ጸሐፊዎ ከኋላ ወንበር ላይ ቅጹን ዘረጋች፤ እኔም የዕለት ጭነቴን እንደጫንኩ ነዳሁ። ዘጠኝ መቶውን እርምጃ ጨርሰን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ያን ጊዜ ማስረጃውን ጠጡትና ታሪክ የማይረሳውን ቃል ተናገሩ፦ «መንገዱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቅሬታው ነው።»

በሳምንቱ መንገዳችን ከጥገና መዝገብ ተሰረዘ፤ ለጥገናው ተብሎ መግቢያው ላይ ተራግፎልን የነበረው ጠጠርም ተመልሶ ተጫነ። ጭኖት የሄደው መኪና ጤነኛው መንገዳችን ላይ ጎማው ወልቆ ሁለት ቀን መቆሙን ግን በሪፖርቱ ላይ አላነበብኩም።

አራተኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ልብ እንዲጠላኝ በማድረግዎ፣ ያልነበረንን አንድነት ሰጥተውናል። ከፊት ለፊቴ የምትኖረው አዋላጅ ለመስኮቷ ያዘዘችውን መስታወት ትታ ላስቲክ ወጠረችበት። ስንት ምጥ የያዛት ሴት በዚህች መኪና አብረን አድርሰናል፤ ሰላምታዬን ስትሻገረው ከጉድጓዱ ይልቅ አንገጫገጨኝ። አንድ ቀን ጠዋት በአቧራ የተሸፈነው የመኪናዬ በር ላይ በጣት «መንገዳችንን የበላች» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ጽሑፉን ከእኔ በፊት አባቴ አንብቦት ነበር። እስከ ክሊኒኩ ድረስ አልተኛም፤ ሲወርድ ብቻ እንዲህ አለኝ፦ «የሰፈሩን መንገድ ሰጥቼ የምተኛው እንቅልፍ ይቅርብኝ፤ አስፈቺው።»

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶኛልና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጆሮ ሕክምናውን እንደሚቀለብስ ሐኪም እያጉረመረመ የድሮዎቹን ሾኮች መልሶ ገጠመ። ድጋሚ ምርመራ አመለከትኩ፤ የሚጋብዝዎት ሰው ሲገኝ ፈጣን ነዎትና መጡ። አባቴ ምስክር እሆናለሁ ብሎ ከጸሐፊዎ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ ቀብር እንደሚሸኝ ተመለከተን። በመጀመሪያው ጉድጓድ ውሃው ክራባትዎ ላይ ፈሰሰ። በሁለተኛው ቅጹን አጠበው። በሦስተኛው ምላስዎን ነከሱ። በአምስተኛው ብርጭቆው ራሱ በመስኮት ወጣ። እኔ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሁለት እጁ ወንበሩን ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ልቆም ስል አትቁሚ በሚል አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀብኝ፤ ቀጠልኩ።

እርስዎም ከወረዱ በኋላ፣ ምላስዎ እስኪመለስ ጠብቀው፣ በእርጥቡ ቅጽ ላይ ውሳኔዎን አሰፈሩ፤ መኪናዋ ብልሽት ያለባት ከመሆኗም በላይ ጉድጓዶቹን በመቆፈር ስለምትጠረጠር ከመንገዱ እንድትታገድ፣ ነዋሪዎችም በጤነኛው መንገድ በአግባቡ ለመገልገል በመጀመሪያው ጉዞ የነበረውን ዓይነት ሾክ አብዞርበር በየግላቸው እንዲያስገጥሙ። አዋላጇ በእግር የሚሄድ ሰው ለጉልበቱ የት እንደሚያስገጥም በትሕትና ስትጠይቅዎ፣ ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን ገለጹልን።

መኪናዋ በመታገዷ በማግሥቱ አባቴ ወደ ክሊኒኩ በእግሩ ወጣ። ልደግፈው ስል ወደ ሥራዬ እንድሄድ አዘዘኝ፤ እኔ ግን ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። አዋላጇ ከቤቷ ወጣች፣ ክንዱን ያዘች፣ አብረው ሄዱ። በየመስኮቱ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት አካፋ ይዞ የመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ቆመ፤ በማግሥቱ አሥራ አንድ አካፋ ሆነ። ካልተጨረሰ ቤት አሸዋ መጣ፣ ከፈረሰ አጥር ድንጋይ መጣ፤ የእኔን የመስታወት ስባሪ ሙሊት እናድርገው ያለም ነበር፣ ለጎማዎቻችን ሲባል ተተወ። አባቴ መንገዱ ዳር ወንበር ወጥቶለት የትኛው ጉድጓድ ትልቅ ድንጋይ፣ የትኛው ደቃቅ ጠጠር እንደሚፈልግ ያዝዛል፤ አርባ ዓመት በወገቡ ያጠናው ትምህርት ነውና ማንም አልተከራከረውም። በዘጠኝ ቀን ጨረስን።

ባለ ጋዞቹ ሾኮች ተመልሰው ተገጠሙ፤ እገዳው አልተነሳም፣ የሚያስፈጽመው ሰውም አልመጣም። የአዋላጇን መስታወት ገጥሜላታለሁ። አባቴ ግን አሁን መኪና ውስጥ አይተኛም፤ በመስኮት እያየ ይኸኛው የእኔ ነው፣ ያኛው የአዋላጇ ነው እያለ የተሞሉትን ጉድጓዶች እስከ አስፋልቱ ድረስ ይቆጥርልኛል።

በአሥረኛው ቀን ሠራተኞችዎ መጥተው «ይህ መንገድ በጽሕፈት ቤታችን ሙሉ ጥገና ተደረገለት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ስለተከሉልን፣ የሰፈሩ ሕዝብ ምስጋናውን እንዳደርስለት ወክሎኛል። ዳር ላይ ቢሆን በደንብ አይታይም ተብሎ መሀል መንገዱ መመረጡም ትክክል ነበር። ሠራተኞቹ ትጉህ ስለሆኑ ሦስት ቦታ ቆፍረው በአንደኛው ተከሉት፤ ሁለቱን ጉድጓዶች ምናልባት ለሚቀጥሉት ሥራዎችዎ ሰሌዳ ትተውልናል።

በማይናወጥ አክብሮት፣ ወገብዎን ከክፉ ሁሉ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ እስከ ጉድጓዱ ወለል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

በጉድጓድ ቆፋሪነት የተጠረጠረችው ፒክአፕ ባለቤት፣
የሰፈሩ መስታወት ቆራጭ

ግልባጭ፦ ለጆሮ ጋራዥ፣ እንዲሰማው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰሌዳውን ከመሀል መንገድ ሊያነሱልን እንዳሰቡ ሰምተናል። እባክዎን አይድከሙ። ጉድጓዶቹ ያሉበትን ቦታ ከሩቅ የሚያመለክተን እሱ ብቻ ነው።