በኤግዚቢትነት ስለተያዘው የእድራችን ጡሩምባ

መቱ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር የዲጂታል ገንዘብና የፋይናንስ ወንጀል ጉዳዮች ጊዜያዊ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ስብሰባ የሚያደክም ነገር ነውና ወገብዎ፣ ጉሮሮዎና የሚፈርሙበት እጅዎ ደህና እንዲሆኑ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ በሰላም እንዲያድር ከልቤ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መቀመጥ አቃተኝ እንጂ ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ለመጨረስ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ አምባዬ ሰይፈ ሚካኤል እባላለሁ። ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፈር የሚያውቀኝ ግን በጡሩምባ ነፊነቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእድራችን አባል ሲያርፍ ማለዳ እየዞርኩ ጡሩምባ ነፍቼ ስሙን የምጠራው እኔ ነኝ። ቢሮዎ በላከልኝ መጥሪያ ላይ ግን «ያልተፈቀደ ዲጂታል ገንዘብ አስተዋዋቂ» ተብያለሁ። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ማዕረጎች ሁሉ ረጅሙ ስለሆነ ለልጆቼ አሳይቻቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ጌድዮን የሚባል፣ እዚሁ ሰፈር ተወልዶ አዲስ አበባ የከረመ ሰው ስልኩን ይዞ መጣና የእድሩን ገንዘብ ኮይን ብንገዛበት በስድስት ወር እጥፍ ይሆናል አለን። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ዲንቃ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ አይሆንም አሉ። ጉባኤያችን ደግሞ ሲጠራ ሞልቶ አያውቅም፤ የሚሞላው ቀብር ብቻ ነው፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣላ! ጌድዮን ይህን ስለሚያውቅ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጋሼ አምባዬ፣ እርስዎ አንዴ ቢነፉልን ሰው ግልብጥ ብሎ ይመጣ የለም ወይ አለኝ። እኔም ነፋሁ።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ነፋሁ። ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሴቶቹ ከመንገድ ጀምረው እያለቀሱ ደረሱ። የሞተ የለም ሲባሉ የሚሆኑትን አጡ፤ ተሳሳቁ፣ ተሳሳሙ፣ እኔንም ገላምጠው ማሩኝ። ያን ሰዓት ኮይን ይቅርና ዝሆን እንግዛ ቢባሉ እጃቸውን ያወጡ ነበር። እንዲህ ሆኖ ከእድሩ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ሄደ። ሐምሌ ላይ ስልኩ «ለጥገና ተዘግቷል» ማለት ጀመረ፤ ጌድዮንም በእኛው አገር ቡሬ በኩል ሲወጣ ታየ ተባለ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ቢሮ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. በከተማው አዳራሽ ሦስት ዙር የምክክር መድረክ ስላዘጋጁልን እጅ እነሳለሁ። በመጀመሪያው ዙር ኮይን ገንዘብ ነው ወይስ ንብረት ተብሎ ክርክር ሆነ፤ በሁለተኛው ንብረት ነው ወይስ ቁማር ተባለ። በሦስተኛው ከአዲስ አበባ የመጡት ምሁር ተመዝግቦ ይፈቀድ አሉ፤ ከጎናቸው የነበሩት ከነአካቴው ይከልከል አሉ፤ ክቡርነትዎም ሁለቱንም ሐሳብ በአድናቆት ተቀብለው ለምሳ ለቀቁን። ከመውጣታችን በፊት ባለቤታቸው የታመሙባቸው አዴ ዱሬቲ ብድግ ብለው፣ «መላቅኒ ኬኛ ኤሳ ጅራ?» ብለው ጠየቁ፤ ገንዘባችን የት አለ ማለታቸው ነው። የጠፋባቸው ነገር በሕግ እንደ ገንዘብ ስለማይታወቅ፣ በትክክለኛው አነጋገር ገንዘብ አልጠፋባቸውም የሚል መልስ ተሰጣቸው። ወይ ጉድ! እኛ እኮ ተዘረፍን ብለን ስናዝን ከርመን ነበር።

2ኛ. ከመጨረሻው መድረክ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መጥሪያው ደረሰኝ። ለእኛ ሲጠፋ ገንዘብ ያልነበረው ነገር እኔ ሳስተዋውቀው ገንዘብ ሆኖ ስለተገኘ ደስ ብሎኛል። መርማሪው በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስዬ አቅርቤ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። እኔ ደህና አስመስዬ የማቀርበው የተቀደደ ሱሪ ብቻ ነው ብዬ መለስኩ፤ እሱንም ጻፉት። በዚያው ሰሞን ባንክ የቀረችን አንድ ሦስተኛ ታገደች፤ ሌባ እንዳያንቀሳቅሳት ነው ተባልን። እኛም እንዳናንቀሳቅሳት ሆናለች።

3ኛ. ጡሩምባዬ በኤግዚቢትነት ተያዘ። ጌድዮን አልተያዘም፤ ስልኩም፣ ኮይኑም አልተያዙም። ከዚህ ሁሉ ወንጀል በቁጥጥር ስር የዋለው አንድ ጡሩምባ ነው። ለፊርማ ስመጣ በቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁት። በደንብ ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ።

ለቀረው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። መስከረም ማለቂያ ላይ የአዴ ዱሬቲ ባለቤት ኦቦ ጭምዴሳ አረፉ። ጡሩምባ ስለሌለኝ በዚያ ዝናብ በር ለበር እያንኳኳሁ ዞርኩ። አንዷ መስኮት ከፍተው፣ ጋሼ አምባዬ፣ የኮይን ከሆነ አንመጣም ብለው ስም ሳልጠራ ዘጉብኝ። አንዳንዱ ጭራሽ አልከፈተም፤ ሌላው ቅጣቱን እከፍላለሁ እንጂ ሁለተኛ አልሸወድም አለኝ። ምን ልበላቸው? ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። የሬሳ ሳጥኑን ገንዘብ፣ የባንኩ ስለታገደ፣ ከገበያ ሰው በባርኔጣዬ ለቀምኩ። ከቤት እስከ መቃብር የተሸከምነው እነዚያው ሰዎች ነን፤ የሚቀይረን አልነበረም። ቀባሪው አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። አዴ ዱሬቲ አፈር እስኪለብስ ድረስ ወደ ኋላቸው እየዞሩ መንገዱን ያዩ ነበር፤ ሰው የሚመጣ መስሏቸው።

አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ደጅ እወጣለሁ፣ ደጅ ደግሞ የማየው ሰው ሁሉ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። እኔ ልቀጣ። የኮይኑን ሕግ በአራተኛው ዙር፣ ካልሆነም በአርባኛው ይወስኑት፤ አልቸኩልም። ጡሩምባዬን ግን ይመልሱልኝ። ይዤው ሰፈሩን እዞርና በየደጁ ቆሜ ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ፣ ማሩኝ እላለሁ። ሁለተኛ ስነፋ ሰው እንዲወጣ የማውቀው ሌላ መንገድ የለኝም።

ከሁለት ስብሰባ መካከል ደቂቃ ሰውተው ይህችን ላነበቡባት መነጽርዎ ጭምር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በተጠራሁበት ቀንና ሰዓት ለመፈረም ዝግጁ የሆንኩ፣

አምባዬ ሰይፈ ሚካኤል
ልብስ ሰፊ፣ ጡሩምባ የሌለው ጡሩምባ ነፊ፣ ተጠርጣሪ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ ለጋሼ ዲንቃ
ለጌድዮን፣ ባለበት

ሳልጠቅሰው እንዳልቀር፦ ክቡርነትዎ ከእኛ ሰፈር ቤት ከሠሩ ወዲህ የእድራችን አባል ነዎት፤ መዋጮዎም አንድ ወር አልተጓደለም፣ እናመሰግናለን። እድሜዎን ያርዝመው። ነገር ግን ያ ቀን ለማንም አይቀርምና፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት እንደሚያኖሩት ለባለቤትዎ ከአሁኑ ቢነግሩልኝ መልካም ነው። እንደ ኦቦ ጭምዴሳ በር ለበር ልጠራልዎ አልችልም፤ እኔን አምኖ በር የሚከፍት ሰው የለም።